የስልክ ቻርጀርና የአምፔር ነገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይርልኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ስልክ ብዙ ነው። እኔ ግን ስልኩን ከመፍታቴ በፊት «በምንድን ነው ቻርጅ የሚደረገው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ባትሪው ምንም አልሆነም። ችግሩ ቤት የቀረው ቻርጀር ወይም የተላላጠው ገመድ ነው። ሰው በማያስፈልገው ባትሪ ላይ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያመኛል። ስለዚህ በየቀኑ አፌን ሞልቼ የምመልሳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ስልኬ ከነ ካርቶኑ ሲመጣ ቻርጀሩ 2 አምፔር ነበር። ባለ 3 አምፔር ብሰካበት ባትሪውን አይጎዳውም?

አይጎዳውም። አብዝቼ የምጠየቀው ይህንን ነው፤ በየመንደሩ በስህተት ሲነገር የምሰማውም ይሄው ነው።

ቻርጀር ላይ የተጻፈው አምፔር ቻርጀሩ እስከ ስንት ድረስ መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ስልኩ ላይ በግድ የሚጭነው መጠን አይደለም። ስንት እንደሚስብ የሚወስነው ስልኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ አይሲ፣ ማለትም ቻርጁን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ ነው። ቤታችሁን አስቡት። የእንጀራ ምጣዱም የሳሎኑ አምፖልም የሚሠሩት በዚያው በ220 ቮልት ነው። ምጣዱ 3 ሺህ ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። አምፖሉ 10 ዋት ይበቃዋል። ምጣድ የሚችል መስመር ላይ ስለተሰካ አምፖሉ አይፈነዳም፤ የሚበቃውን ወስዶ ያበራል። ስልክም እንደዚያው ነው።

መፈራት ያለበት ቮልቱ ነው። አምፔሩን ስልኩ ይመርጣል፤ ቮልቱን ግን ቻርጀሩ የሰጠውን መቀበል ነው ያለበት። ጤነኛ ፈጣን ቻርጀር መጀመሪያ 5 ቮልት ብቻ ይሰጣል። ስልኩ «9 ስጠኝ» ብሎ ካልጠየቀው ከፍ አያደርግም። ውስጡ የተበላሸ ወይም ከመጀመሪያውም በግዴለሽነት የተሠራ ቻርጀር ግን ሳይጠየቅ ሊለቀው ይችላል። ጠረጴዛዬ ላይ ቦርዳቸው ተቃጥሎ የሚመጡ ስልኮችን ሳያቸው መጀመሪያ የምጠረጥረው እንዲህ ያለውን ነው።

አነስተኛ አምፔር ያለው ቻርጀር ብጠቀምስ?

ስልኩ ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ አይጎዳም። የሚጨነቀው ቻርጀሩ ነው። ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ ይግላል። ጥሩ ቻርጀር ከሆነ ራሱን ይቆጣጠራል። ርካሽ ከሆነ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቻርጀሩ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ምን ማለት ነው?

ሁለት መስመር ፈልጉ። አንደኛው «ኢንፑት» ይላል፤ ከግድግዳው የሚገባው ነው። ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ይጻፋል። የእኛ አገር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ እዚህ ውስጥ ይገባል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣላችሁ ቻርጀርም ይህ ከተጻፈበት ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው «አውትፑት» ነው፤ ወደ ስልኩ የሚወጣው። ከቁጥሩ ጎን ያለችው የእንግሊዝኛዋ ቪ ቮልት፣ ኤ ደግሞ አምፔር ናት። ሁለቱን ስታባዙ ዋት ይወጣል። 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው። 9 ቮልት በ2 አምፔር 18 ዋት ነው። 9 ቮልት በ1.67 አምፔር ደግሞ 15 ዋት። አንድ ቻርጀር ሁለት ሦስት ጥንድ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ያ ማለት እንደ ስልኩ ጥያቄ ይቀያይራል ማለት ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ባትሪው ላይ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው የባትሪው መያዣ ልክ ነው፤ የጀሪካን ሊትር በሉት። «ባትሪዬ 5 ሺህ ነው፣ 5 አምፔር ቻርጀር ስጠኝ» የሚሉኝ አሉ። ሁለቱ አይገናኙም።

እሺ፣ ለእኔ ስልክ ስንት ዋት ልግዛ?

ስልኩ መቀበል የሚችለውን ያህል። ይህ ካርቶኑ ላይ ወይም ከስልኩ ጋር በመጣው ቻርጀር ላይ ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ከሌሉ የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ።

ለባለ በተን ስልክ 5 ቮልት ከ0.5 እስከ 1 አምፔር ይበቃዋል። ፈጣን ቻርጅ ለማይቀበል ተራ ስማርት ስልክ 10 ዋት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የምታወጡት ብር ፍጥነት አይጨምርላችሁም። እዚህ ከተማ በብዙ ሰው እጅ ያሉት ቴክኖና ኢንፊኒክስ እንደ ሞዴላቸው ይለያያሉ፤ 10 ዋት የሚቀበልም አለ፣ 18 የሚቀበልም፣ 33 የሚቀበልም፣ ከዚያ በላይም። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ብዙዎቹ 25 ዋት ይቀበላሉ። ለአይፎን ባለ 20 ዋት ታይፕ ሲ ጥሩ ምርጫ ነው።

ከአይፎን 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ አፕል ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር አያስቀምጥም። ሳምሰንግም በ2021 በጋላክሲ ኤስ21 ተከተለው። ስለዚህ ውድ ስልክ ገዝቶ መንገድ ዳር ያገኘውን ቻርጀር የሚሰካበት ሰው በዛ። ለስልኩ ያን ያህል ብር ካወጣችሁ ለቻርጀሩ አትሰስቱ።

33 ዋት ፈጣን ቻርጀር ገዛሁ። ስልኬ ግን እንደ ድሮው ነው የሚሞላው። ተታልዬ ነው?

ላይሆን ይችላል። ፈጣን ቻርጀርና ስልክ አንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው፤ ቋንቋዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። የኳልኮም ኩዊክ ቻርጅ አለ። የታይፕ ሲው ፓወር ደሊቨሪ አለ፤ ነጋዴዎች ፒዲ የሚሉት። ከእሱ ጋር ፒፒኤስ የሚባል አለ፤ ቮልቱን በትንሽ በትንሹ እያስተካከለ ይሰጣል። የሳምሰንግ 25 ዋት የሚፈልገው ይህንን ነው። ኦፖ ቩክ የሚባል የራሱ ዘዴ አለው፤ በሱ ሙሉ ፍጥነት የሚሞላው በራሱ ቻርጀርና በራሱ ገመድ ነው።

ቋንቋቸው ካልገጠመ ሁለቱም ወደሚያውቁት ወደ 5 ቮልት ይመለሳሉ። አይጣሉም፣ አይቃጠሉም፤ ቀስ ይላሉ። ስለዚህ ስትገዙ «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። «ፒዲ ነው? ፒፒኤስ አለው?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ ቻርጀሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ።

ገመዱ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል እንዴ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከምታገኟቸው ችግሮች አብዛኞቹ ያሉት እዚህ ነውና።

ከልደታ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ባትሪ ቀይርልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ገመዱን ይዘውታል?» አልኳቸው። ከቦርሳቸው አወጡት። ሁለት ቦታ ላይ በጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ላይ ውስጡ ይታያል። ዩኤስቢ ቴስተር የምትባል ትንሽ መለኪያ አለችኝ። በቻርጀሩና በገመዱ መሃል ሰካኋት። 0.38 አምፔር አነበበች። ቻርጀሩን ሳልነካ ገመዱን ብቻ ቀየርኩ። ቁጥሩ ወደ 1.75 ዘለለ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። «ታዲያ ባትሪው ምን አደረገ?» አሉ። ምንም አላደረገም። ገመድ ብቻ ገዝተው ሄዱ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የርካሽ ገመድ የመዳብ ክሮች እንደ ፀጉር የሳሱ ናቸው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጭን ገመድ 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.8 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ያስቀራል። ከቻርጀሩ 5 ቮልት ወጥቶ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.2 ነው ማለት ነው። ስልኩ ይህን ሲያይ «ይሄ ምንጭ ደክሟል» ይልና የሚስበውን ይቀንሳል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ይብስበታል። አልጋ ላይ ሆኖ ለመጠቀም ተብሎ የሚገዛው የ2 ሜትር ገመድ ወፈር ያለ ካልሆነ ቻርጀራችሁን ግማሽ ያደርገዋል። ከ60 ዋት በላይ ለሚሆን ቻርጅ ደግሞ 5 አምፔር የሚችል፣ ውስጡ መለያ ቺፕ ያለው ታይፕ ሲ ገመድ ያስፈልጋል።

ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የስልኩን የቻርጅ ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዩት። ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ቀዳዳው በብናኝ ይሞላል፤ ገመዱም እስከ መጨረሻው አይገባም። ስልኩን አጥፍታችሁ በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ጠርጉት። መርፌ አትጠቀሙ፤ ቀዳዳው ውስጥ ያሉትን የብረት እግሮች እርስ በርስ ያገናኛል።

5000 ባትሪ በስንት ሰዓት መሙላት አለበት?

በ5 ቮልት 1 አምፔር ከ5 ሰዓት በላይ። በ10 ዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3። በ18 ዋት ወደ 2 ሰዓት። በ33 ዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ በጣም ከራቀ ገመዱን ጠርጥሩ፤ ከዚያ ቻርጀሩን፤ ባትሪውን መጨረሻ ላይ።

ከ80 ፐርሰንት በኋላ ቀስ ማለቱ ጤና ነው። ሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲል ስልኩ አምፔሩን ሆን ብሎ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ ብተኛ ችግር አለው?

ሲሞላ ስልኩ ራሱ ያቆማል። «ሞልቶ ይፈሳል» የሚባል ነገር የለም። የባትሪ ጠላት ሙቀት ነው። ስልኩን ትራስ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ አድርጎ መሰካት ነው ክፉው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ወፍራም ሽፋን ካለው አውጡለት። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ በዚህ በኩል ታድለናል። ስልካችሁ 80 ፐርሰንት ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው ክፈቱት፤ ባትሪው ረዘም ላለ ዓመት ይቆያል።

እኔ ግን የማላምነው ቻርጀር ከሆነ ተሰክቶ እያለ አልተኛም። ሁላችሁም እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ስልኩን ይጎዳዋል?

መሄዱ አይጎዳም። የሚያሰጋው መምጣቱ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ በሰፈሩ ያለው ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ቮልቱም ለጥቂት ጊዜ ይዋዥቃል። አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመታል። ደህና ቻርጀር ይህን የሚችልበት ፊውዝና መከላከያ አለው። ርካሹ የለውም፤ ድንጋጤውን ወደ ስልኩ ሊያሳልፈው ይችላል።

እኔ ራሴ በዚህ አንድ ቻርጀር አጥቻለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መብራት መጣ፤ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ቦግ አለ፤ ከግድግዳው «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩ ተርፏል፤ ቻርጀሩ ግን ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ እነቅላለሁ። ሲመጣም 5 ደቂቃ ያህል ቆይቼ ነው የምሰካው።

መብራቱ ደክሞ አምፖል ሲያደበዝዝስ? ያ አያስጨንቃችሁ። ኢንፑቱ ከ100 ቮልት የሚጀምር ቻርጀር በደከመ መብራትም ይሠራል። ጀነሬተር ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ድምፁ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ ሰኩ።

ቻርጅ ላይ ሲሆን ስክሪኑ ራሱን ይነካካል፤ ጠርዙም ይነዝረኛል። ምንድን ነው?

ስክሪኑ የጣታችሁን ንክኪ የሚያውቀው በጣም ደቃቅ በሆነ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ጥራት የሌለው ቻርጀር ከ5 ቮልቱ ጋር ብዙ ረብሻ ይልካል፤ ስክሪኑም ያንን እንደ ጣት ይቆጥረዋል። ያልተጫነ ቁልፍ ይጫናል፣ ሳትፈልጉ ይደወላል። «ስክሪን ቀይርልኝ» ተብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ንቀሉት። ስትነቅሉት ከተስተካከለ የሚቀየረው ቻርጀሩ ነው።

ባለ ብረት ጠርዝ ስልክ ላይ እንደ ጉንዳን የምትሄድ ቀላል ስሜት በደህና ቻርጀርም ልትመጣ ትችላለች። ጠንከር ብሎ የሚነዝር ከሆነ ግን ቻርጀሩን ዛሬውኑ ጣሉት። ለሌላ ሰውም አትስጡ። በእርጥብ እጅም የተሰካ ስልክ አትንኩ።

ደህናውን ከኮፒው እንዴት ልለየው?

ሁለት ቻርጀር ከፍቼ ጎን ለጎን አስቀምጬ ለተለማማጆቼ አሳያለሁ። ደህናው ውስጥ በቢጫ ቴፕ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር አለ። 220 የሚገባበት ወገንና 5 ቮልት የሚወጣበት ወገን ሰፋ ባለ ባዶ ቦታ ተለያይተዋል። ፊውዝም አለው። ኮፒው ውስጥ ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ናቸው። በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ክፍተት እንደ ጥፍር ጠርዝ ቀጭን ነው። በ220 ቮልቱና በእጃችሁ መካከል ያለው ያቺ ብቻ ናት።

ሱቅ ውስጥ ከፍታችሁ ማየት አትችሉም። ግን በእጃችሁ መዝኑት፤ ባዶ ካርቶን የሚመስል ቀላል ቻርጀር ውስጡም ባዶ ነው። ጽሑፉን እዩ፤ የፊደል ስህተት ካለበት ወይም በጥፍር ከተላጠ ተዉት። ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ የላላ ከሆነ እሳት ይፈጥራል። «65 ዋት» ተብሎ የሻይ ዋጋ የሚያክል ከተጠራበት አትመኑ። መርካቶም ሆነ ስታዲየም ዙሪያ ጨዋ ነጋዴ አስሞክሮ ይሸጣል፤ «ልሞክረው» ስትሉ የሚኮሳተር ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

የላፕቶፕ 65 ዋት ታይፕ ሲ ቻርጀር ለስልክ ይሆናል?

ይሆናል። ስልኩ የሚችለውን ያህል ብቻ ይወስዳል። አንድ ደህና የፒዲ ቻርጀር ገዝቶ ለላፕቶፑም ለስልኩም መጠቀም ጥሩ ቁጠባ ነው።

ከላፕቶፕ፣ ከቲቪ ወይም ታክሲ ውስጥ ቻርጅ ባደርግስ?

ይሠራል፤ ቀርፋፋ ነው። የድሮው ዩኤስቢ 0.5 አምፔር፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 0.9 አምፔር ነው የሚሰጡት። ስክሪኑን ከፍታችሁ እየተጠቀማችሁ ከሆነ የገባው እዚያው ያልቃል።

ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ባለ በተን ስልክ አለችኝ። በአዲሱ ቻርጀሬ ጭራሽ አትሞላም።

ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ ነው? እንግዲያው ነገሩ ይህ ነው። ታይፕ ሲ ቻርጀር ስልኩ ውስጥ ያሉ ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮችን ሳያገኝ ምንም አይለቅም። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ወጪ ለመቀነስ እነሱን ይተዋሉ። በአንድ ጫፉ ጠፍጣፋው የድሮ ዩኤስቢ ያለው ገመድና ተራ ቻርጀር ተጠቀሙ፤ ትሞላለች።

አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት ይባላል።

ያ የድሮ ኒኬል ባትሪ ሕግ ነው። የአሁኑ ሊቲየም ነው፤ ከካርቶኑ አውጥታችሁ ተጠቀሙ። እስኪጠፋ መጠበቅም አያስፈልግም። እንዲያውም ደጋግሞ ዜሮ ማድረስ ይጎዳዋል።

20 ሺህ ፓወር ባንክ 5 ሺህ ባትሪ ለምን 4 ጊዜ አይሞላም?

20 ሺው የተቆጠረው በውስጡ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው። ወደ 5 ሲያሳድገው ቁጥሩ ይቀንሳል፤ በሙቀትም ይባክናል። ሁለት ጊዜ ተኩል ከሞላላችሁ ደህና ነው። ራሱን ፓወር ባንኩን በ10 ዋት ለመሙላት 9 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት መናኸሪያ ከመድረሳችሁ በፊት ሳይሆን ከማታው ሰኩት። በቦሌ የምትበሩ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ፓወር ባንክ አይፈቀድም።

የስልኬ ጀርባ እያበጠ ክፍት ብሏል። ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ?

በፍጹም። ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሯል። ያለ ምንም ማመንታት ንቀሉት፣ አጥፉት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት። በጣት ተጭናችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፤ ከተቀደደ ይቀጣጠላል። ኪስ ውስጥም አታድርጉት። ለብቻው በጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ለጠጋኝ አምጡት። ስትመጡ ቻርጀሩንና ገመዱንም አብራችሁ ያዙ፤ አዲሱን ባትሪ ከመግጠሜ በፊት እነሱን እለካለሁ።